ግድግዳችንን በአፈር እንዴት እናሳምር?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ ግድግዳ ነው። ለክበባችን አዘጋጆች ርዕሱን ስነግራቸው "ስለ ግድግዳ ደግሞ ምን ይጻፋል?" ብለው ሳቁ። እስቲ እናንተ ግን ቀና ብላችሁ ያላችሁበትን ቤት እዩ። ጅጋ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ስትሉ አብዛኛው ቤት የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ፣ በማገር ተማግሮ፣ በጭቃ የተመረገ ነው። ወደ ገጠሩ ስትወጡማ ሌላ ዓይነት ቤት ፈልጎ ማግኘትም ይከብዳል። ታዲያ ይሄን ያህል ሰው የሚኖርበትን ግድግዳ ቆንጆም ጠንካራም ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ያውም ብዙ ብር ሳናወጣ?

ይህ ጥያቄ ለኛ ቤት ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ በአንድ በኩል እየመታው የመኝታችን ግድግዳ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁ እጅ ያስገባል ብዬ አላጋንንም፤ እስክሪብቶ ግን ያስገባል። በስንጥቁ ብርድ ይገባል፤ ማታ ማታ ደግሞ ትኋን ይወጣል። ትንሹ ወንድሜ ሌሊቱን ሲያክክ ነበር የሚያድረው። ግንበኛ ተጠርቶ መጣና አይቶ "ይሄ ሽቦ ተመቶበት በሲሚንቶ ይለሰንና ቀለም ይቀባ" አለ። የነገረን ዋጋ እናቴ ለእህቴ የቤት ኪራይ ብላ ካስቀመጠችው ብር በለጠ። እህቴ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ኮሌጅ ትማራለች። እናቴም "ለግድግዳ ብዬ ልጄን ከትምህርቷ አላስቀርም" አለች። ስለዚህ የቀረን እምዬን መጥራት ብቻ ነበር። እምዬ የምንላት አያታችንን ነው። የምትኖረው ከጅጋ ወጣ ብሎ ገጠር ሲሆን ቤቷን በየዓመቱ የምትመርገው ራሷ ናት። ከዚህ በታች የጻፍኩት ከሷ ያየሁትን፣ የሳይንስ መምህራችንን ጠይቄ የተረዳሁትንና እኛው ቤት ሞክረን የሠራነውን ነው።

አፈር ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው ጓሮው ያገኘውን አፈር ቆፍሮ ይመርግና ሲሰነጠቅበት "ጭቃ ድሮም ጭቃ ነው" ይላል። ጭቃውን ከመስደብ በፊት ግን አፈሩን መመርመር ነበር። አፈር ውስጥ በዋናነት ሦስት ነገር አለ፦ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ። ሸክላው እንደ ሙጫ ነው፤ ሌላውን አያይዞ ይይዛል። ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አሸዋ ደግሞ አያብጥም፣ አይኮማተርም፤ ብቻውን ግን አይያያዝም፣ ይረግፋል። ስለዚህ ጥሩ ምርጊት ማለት ሸክላውና አሸዋው የተመጣጠኑበት ማለት ነው።

መረሬ መሬት ያላችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ። በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይታያል፤ ጥቁሩ አፈር ሸክላው ስለሚበዛ ነው። ግድግዳ ላይ ቢመረግም የሚያደርገው ያንኑ ነው። የኛ አገር ቀይ አፈር ግን ለምርጊት ይመቻል፤ ለቀለምም ይሆናል። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ዝገት በሉት። አንድ አሮጌ ምስማር ዝጎ ስታዩት ቀለሙ ከአፈራችን ጋር የሚመሳሰለው ለዚህ ነው።

አፈራችሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ማለቴ ባዶውን የውሃ ጠርሙስ። ሲሶውን አፈር ጨምሩበት፣ የቀረውን ውሃ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል። ቀጥሎ ደለሉ ይወርዳል። ሸክላው ውሃውን አደፍርሶ ይቆይና በማግሥቱ ከላይ ይተኛል። ንብርብሩን ከጎን ሆናችሁ ስታዩት የትኛው እንደሚበዛ በዓይናችሁ ትለያላችሁ።

እምዬ ግን ሃይላንድ አታውቅም። የሷ ፈተና በእጅ ነው። አፈሩን አርሳ በመዳፏ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጋ ታንከባልለዋለች። ገና ሳይረዝም ከተቆራረጠ አሸዋ በዝቶበታል። እንደ ገመድ ጠምዝዛው ምንም ካልተሰበረና እጇ ላይ ከተጣበቀ ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋና ጭድ ይፈልጋል። ጎንበስ ሲል በመጠኑ ሰንጠቅ የሚለውን ነው የምትመርጠው። ሁለቱንም ፈተና በአንድ አፈር ላይ ሞከርነው፤ ውጤታቸው አንድ ነበር። እኔ ሃይላንዱን አስቀምጬ እስከ ነገ ስጠብቅ እሷ በአንድ ደቂቃ ጨርሳ ተነሣች።

አፈር ስትቆፍሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ገደሉን ከሥር ከሥር እንደ ዋሻ እየቦረቦራችሁ አትግቡ። ከላይ ያለው አፈር ድንገት ተንዶ ሰው ይቀብራል። ከላይ ወደ ታች እየቆረሳችሁ ቆፍሩ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ጭቃ ይቦካል

"ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ካልቦካ አይሆንም" ትላለች እምዬ። አፈሩን መጀመሪያ ድንጋይና ሥራ ሥሩን ለቀምንለት። ከዚያ መሬት ላይ ክብ አድርገን ከመርነውና መሃሉን ጎድጎድ አድርገን ውሃ ሞላንበት። ውሃውን እስኪጠጣ ቆይተን በእግር ረገጥነው። ይሄ የልጆች ሥራ ነው፤ ደስ ይላል፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ይመጣል። ሲላላ የጤፍ ጭድ እየበተንን እንደገና ረገጥነው። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው። የስንዴና የገብስ ጭድ ለመጀመሪያው ወፍራም ምርጊት ይሆናል፤ ለላይኛው ልስን ግን ይሻክራል።

ጭዱ ምን ይሠራል? ጭቃው ሲደርቅ ሲኮማተር በየቦታው ሊቀደድ ይፈልጋል። ጭዱ እንደ ክር ሆኖ ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል። በአንድ ቦታ ትልቅ ስንጥቅ ከሚሆን፣ ዓይን የማያየው ትንንሽ ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል። ኮንክሪት ውስጥ ብረት የሚደረገውም ለተመሳሳይ ሥራ ነው ብለው መምህራችን ነገሩን።

ከዚያ ጭቃው ለ7 ቀን ተቀመጠ። በየቀኑ ውሃ እየጨመርን እንረግጠው ነበር። ይሸታል፤ እውነቱን ልናገር፣ ጎረቤት ቅር እስኪለው ይሸታል። ግን በሰባተኛው ቀን ጭቃው እንደ ቅቤ ሆነ። ጭዱ ለስልሶ ሲበሰብስ የሚያጣብቅ ነገር ስለሚለቅ ነው። ባልቦካ ጭቃና በቦካ ጭቃ መሃል ያለውን ልዩነት እጃችሁ ይነግራችኋል።

ሙሉውን ግድግዳ ከመምረጋችሁ በፊት ግን ሞክሩ። እኛ ከቤቱ ጀርባ ሦስት ቦታ ደብተር የሚያህል መረግን። በአንዱ አሸዋ አልጨመርንም። በሁለተኛው ለ3 ባልዲ አፈር 1 ባልዲ አሸዋ ጨመርን። በሦስተኛው ግማሽ በግማሽ አደረግነው። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው በጣት ሲነካ ዱቄት ሆነ። ሁለተኛው ጸና። የእናንተ አፈር ከኛ ሊለይ ስለሚችል ልኩን ከኔ አትቅዱ፤ እናንተም ሦስት ቦታ መርጋችሁ እዩ።

ግድግዳውን ማዘጋጀት

አሮጌው ምርጊት የላላውን ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ አውርዱት። ስንጥቁን ደግሞ ጠበብ ብሎ እንዳለ አትድፈኑት፤ በቢላ ወይም በምስማር አስፉት። ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ጭቃ ጠልቆ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ይወድቃል። ትኋን ያለበት ከሆነ እናቴ እንዳደረገችው ትልቅ ሰው የፈላ ውሃ በስንጥቁ ያፍስበት፤ ትኋን ሙቀት አይችልም፣ እንቁላሉም ይሞታል። ልጆች ይህን አትንኩ።

ቀጥሎ ግድግዳውን በውሃ ማርጠብ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል። ጭቃው ሳይጣበቅ ይደርቅና በእጅ ስትመቱት ባዶ ጣሳ ይመስል ይጮሃል። እሱ ደግሞ ክረምት ሳይደርስ ይወርዳል።

መጀመሪያ ስንጥቁ ብቻ ተሞላ። ሲደርቅ ወፍራሙ ምርጊት ተመረገ፣ እሱም ቀናት ፈጀ። ከዚያ ልስኑ መጣ። ለልስን አፈሩ በወንፊት ይነፋል። እምዬ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ትኩስ እበት ታደርጋለች። እበት ውስጥ ከብቶቹ ያኘኩት የሣር ክር አለ፤ ከጭድ በጣም የደቀቀ ነው። ስለዚህ ልስኑ ቀጭን ሆኖ ሳይሰነጠቅ ይይዛል። ሲደርቅ አይሸትም፤ የማያምን ኛ ቤት መጥቶ ያሽት። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ግን እበት አይንካ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ በቁስል ነው የሚገባው። የጨረሰም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ልስኑ ሊደርቅ ሲል፣ ማለትም ጣት ሲጫነው የማይሰምጥ ግን ገና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ እየተሻሸ ይለሰልሳል። ድንጋዩ የሸክላውን ቅንጣት ስለሚያስተኛው ግድግዳው መብራት ያንጸባርቃል። የሸክላ ሥራ የሚሠሩ እናቶች እንስራውን ከመተኮሳቸው በፊት የሚያሹት በዚሁ ዘዴ ነው። ክንድ ያደክማል። እኔና ታናሼ ተራ በተራ ነው የሠራነው፤ እሱ ግን ከሥራው ወሬው ይበዛል።

አሁን ቀለም

ከገበያ የሚገዛ ቀለም ሳያስፈልግ ከአፈር ቀለም መሥራት ይቻላል። አፈሩ ብቻውን በውሃ ቢቀባ ሲደርቅ ልብስ ላይ ይለቃል። የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ቀላሉ ዱቄት ነው። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ጓጎል እንዳይኖረው። ስድስት ብርጭቆ ውሃ አፍልታችሁ የበጠበጣችሁትን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበትና እያማሰላችሁ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ በቀጭን ወንፊት ወይም በነጠላ የተነፋ አፈር እየጨመራችሁ እንደ እርጎ እስኪሆን በጥብጡ። ያው ቀለም ሆነ። ሁለቴ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባም። የዱቄት ቀለም እርጥብ ቦታ ላይ ስለሚሻግት ለውስጥ ግድግዳ እንጂ ለውጭ አይሆንም። ተሠርቶም አይቀመጥም፣ በሁለት በሦስት ቀን ይበላሻል።

ቀዩ በሽ ነው። ቢጫ አፈር ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም መንገድ ሲቆረጥ ይወጣል፤ ስታገኙ በማዳበሪያ ከረጢት ያዙ። ጥቁር ከፈለጋችሁ የተፈጨ ከሰል ወይም የምጣድ ጥላሸት አለ። አንዳንድ ልጆች የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰብረው በውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ለሰሌዳና ለግድግዳ ይቀባሉ። ይህን አታድርጉ። ያ ዱቄት የኬሚካል ቅልቅል ነው፤ ቆዳ ይጎዳል፣ ሲተነፈስም ሳንባ ይጎዳል። ከሰል እያለልን ምን አስጨነቀን?

አረንጓዴ አልሆነልንም። ቅጠል ጨምቀን ስንቀባ ለሁለት ቀን አማረና ከዚያ እንደ ደረቀ ሣር ሆነ። የቅጠል አረንጓዴ ቀለም የፀሐይ ብርሃን ያፈርሰዋል። የአፈር ቀለም ግን ድሮውንም ለብዙ ዘመን ፀሐይ ላይ የኖረ ስለሆነ አይለቅም።

ነጩ ኖራ ነው። ኖራ ከአፈር ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ወጣ እንጂ ጭቃነቱ አልተለወጠም፤ ውሃ ካገኘ መልሶ ይላላል። ኖራ ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ተቀብቶ አየር ላይ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ካልሲየም ካርቦኔት ማለት የኖራ ድንጋይ ነው። ግድግዳችሁ ላይ ስስ ድንጋይ ለበሰ ማለት ነው እኮ! ስለዚህ እንደ ወተት ቀጠን አድርጎ ሁለትና ሦስት ጊዜ መቀባት ወፍራም አድርጎ አንዴ ከመቀባት ይሻላል። ወፍራሙ ይላላጣል። እርጥብ እያለ ነጭ አይመስልም፤ "አልነጣም" ብላችሁ አትደናገጡ፤ ሲደርቅ ይነጣል። ኖራ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። የሚቀባው ትልቅ ሰው ነው፣ እጁን ሸፍኖ፣ አጠገቡ ንጹሕ ውሃ አስቀምጦ። ዓይን ከነካ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ጌጡ

እኛ ግድግዳውን ከታች እስከ ወገብ ቀይ፣ ከወገብ በላይ ነጭ አደረግነው። ለቁንጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታችኛው ክፍል የልጅ እግር፣ መጥረጊያና ወንበር ይነካዋል፤ ቀዩ ቆሻሻ አያሳይም፣ ሲበላሽም አንድ ጣሳ አፈር ነው የሚፈልገው። ነጩ ደግሞ ብርሃን ይመልሳል። መስኮታችን አንድ ብቻ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ከሰዓት በኋላ መብራት ሳይበራ ማንበብ ችያለሁ።

በቀዩና በነጩ መሃል ያለውን መስመር በምን እናስጊጠው ስንል ቆረቆንዳ አገኘን። በቆሎ በኛ አገር ሞልቷል፤ ቆረቆንዳው ግን ከማገዶ በቀር ማን ያስበዋል? ቀለም አስነክታችሁ ግድግዳው ላይ ስታንከባልሉት ፍሬው የነበረበት ጉድጓድ ጉድጓድ ተሰልፎ ይታተማል። እርጥብ ልስን ላይ ደግሞ ያለ ቀለም ብታንከባልሉት የተቀረጸ ይመስላል። ድንችም ለሁለት ተቆርጦ ፊቱ ላይ አበባ ወይም ኮከብ ተቀርጾ ማኅተም ይሆናል። መስመሩ እንዲቀና በመጀመሪያ ክር ከሰል ላይ አሹና ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ ይያዘው፤ መሃሉን ሳብ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀጥ ያለ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። አናጺዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው።

እምዬ ቤት ያለው ጌጥ ሌላ ነው። ገና እርጥብ ሳለ በአራት ጣቷ እንደ ወንዝ ሞገድ እያደረገች ትስበዋለች። የበሬ ቀንድ ግድግዳው ውስጥ ተተክሎ ዕቃ ይሰቀልበታል። በላዩ በአለላ የተሠራ ሰፌድና ሙዳይ ይደረደራል። ሰፌዱ እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ሲሄድ ይሰቀላል። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ የግድግዳ ጌጥ የለም፤ ሱቅ ከሚሸጠው አብለጭላጭ የፕላስቲክ ልጣፍ መቶ ጊዜ ይሻላል። ፕላስቲኩ ጭቃውን እንዳይተነፍስ አፍኖ ከጀርባው ያሻግተዋል፤ እሳት ከነካውም ቶሎ ይያያዛል።

ጋዜጣስ? ጋዜጣ መለጠፍ በብዙ ቤት የኖረ ነው። ብርድና አቧራ ይከላከላል፣ ግድግዳውን ያነጣል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት አልብሶ ይሆን! የእምዬ አንዱ ግድግዳ ላይ የድሮ ጋዜጣ አለ። አጎቴ ማንበብ የለመደው እሱ ላይ ነው ይባላል፤ ዛሬም ተገልብጦ የተለጠፈ ጽሑፍ ከማንም ፈጥኖ ያነባል። ነገር ግን የዱቄት ሙጫውን በረሮና አይጥ ይበሉታል፤ ከጀርባው ትኋን ይራባል። ምድጃ ወይም ኩራዝ አጠገብ ከሆነማ አደጋ ነው። እኔ ብትጠይቁኝ ጋዜጣ ከእሳት ራቅ ያለ አንድ ግድግዳ ላይ፣ ያውም ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ይሁን እላለሁ።

ሌሎችስ እንዴት ያደርጋሉ?

ግድግዳ በአፈር ማስጌጥ የድሃ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እነሱ ዘጌን ይዩ። ጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ላይ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ለማየት የሚመጡበት ነው። በመቅደሱ ዙሪያ ያሉት ስዕሎች የተሳሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ከጨርቁ በስተጀርባ ምን ያለ ይመስላችኋል? ጭቃና ጭድ።

ሐረር ደግሞ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶች መቀመጫው መደብ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ይሞላል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በደቡብ በሀላባ የሣር ቤቶች ግድግዳ ላይ በየመልኩ ስዕል ይሳላል። ከአገራችን ውጭ በቡርኪና ፋሶ ቲየቤሌ በምትባል መንደር ሴቶች ቤታቸውን በጭቃ መርገው በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ያስጌጡታል። ቀለሙ እንዳይለቅ ኔሬ የተባለ ዛፍ የፍሬ ቅርፊት ቀቅለው ውሃውን ይቀቡታል። የቲየቤሌ የንጉሥ ግቢም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ሁሉም ያው እንደ እምዬ በእጅ የሚሠሩ ናቸው።

ሲሚንቶ ይሻል የለ ወይ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የክፍላችን ልጅ ስለሆነ ልመልስለት። ሲሚንቶ ለብሎኬትና ለድንጋይ ቤት ጥሩ ነው። ከጭቃ ጋር ግን ጠባያቸው አይገጥምም። ጭቃ በክረምት እርጥበት ስቦ ትንሽ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሃም በስንጥቅ ከገባ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደ ትልቅ ሳህን ተገንጥሎ ይወድቃል። ሽቦ ተመትቶበት በደንብ ከተሠራ ይቆያል፣ ግንበኛውም ያለው እሱን ነው፤ ብሩ ያለው ያሠራው። እንጨቱን ምስጥ የበላው ቤት ከሆነ ግን ሲሚንቶም ጭቃም አያድነውም፤ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።

መቼ ይሠራ?

ሁላችንም ቤታችንን ማሳመር የምንፈልገው ለእንቁጣጣሽ ነው። ግን ጳጉሜን አካባቢ ጭቃ አይደርቅም፤ ጭድም ያለቀበት ጊዜ ነው። ለእንቁጣጣሽ ስስ ቀለም መቀባት ይበቃል። ወፍራሙ ምርጊት ጤፍ ከተወቃ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሁን። ጭዱ አለ፣ ፀሐይ አለ። በጣም ኃይለኛ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ግን ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃልና የውጩን ግድግዳ ጠዋት ወይም ጥላ ሲሆን ምረጉ። ከውጭ በኩል ክረምት ከመግባቱ በፊት የጣሪያው ቆርቆሮ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንደሚጥል እዩ፤ ከሥሩም ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር። ግድግዳችን ያንን ያህል የተሰነጠቀው በዚያ በኩል ቆርቆሮው አጭር ስለነበር ነው። አሁን አጎቴ ቀጥሎበታል።

የኛ ግድግዳ ከተሠራ አምስት ወር ሆነው። ትኋን ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ግን ወንድሜ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። እህቴ ለእረፍት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ "ቤት ተሳስቻለሁ እንዴ?" አለች፤ ኪራይዋም አልተነካ። በመስኮቱ ጥግ ብቻ ቀጭን ስንጥቅ ተመልሶ መጥቷል። እንጨትና ጭቃ የሚገናኙበት ቦታ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨቱ ይነቃነቃል። እምዬ በየዓመቱ አንድ እፍኝ ጭቃ ይዛ ትደፍነዋለች እንጂ አትናደድበትም።

አሁን ወደ ክበባችን ልምጣ። የሚኒ ሚዲያ ክፍላችን የውስጥ ግድግዳ በበሩ በኩል እንደተፋቀ ታውቃላችሁ። ርእሰ መምህራችን ፈቅደውልናል፤ በጥር የእረፍት ሳምንት ልንመርገው ነው። የጤፍ ጭድ ቤቱ ያለው አንድ አንድ ከረጢት፣ ከብት ያላቸው ደግሞ እበት በባልዲ ያምጡ። ቀይ አፈሩን የስምንተኛ ክፍል ወንዶች እናመጣለን ብለዋል። ቆረቆንዳ አታምጡ፣ እኔ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አስቀምጫለሁ። በመሃሉ መስመር ላይ ምን ይታተም የሚለው ገና አልተወሰነም፤ ሐሳብ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በክበቡ ሳጥን ጨምሩልን።